ጥልቅ ውኃን መቅዳት



መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 20 ቁጥር 5 ላይ በሰው ልብ ያለውን ሐሳብ ከጥልቅ ውኃ ጋር ያመሳስለዋል፤ ያንንም ውኃ ቀድቶ የሚያወጣው አስተዋይ ሰው መሆኑን ያስተምረናል። ይህን ምሳሌ ከመጽሐፍ ተርጓሚ ይልቅ የራያ ቆቦና የሀብሩ ገበሬ አሳምሮ ሊፈታው ይችላል። ከቆቦ እስከ ግራና ያለው ሸለቆ ዝናም በቀረ ቁጥር ሲራብ የኖረ ምድር ነው። ከሥሩ ግን ውኃ ነበረው። በቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጉድጓድ እየተቆፈረ ውኃው ወደ ማሳ መውጣት በጀመረ ጊዜ፣ ማንም ከሌላ ሀገር ተሸክሞ ያመጣው አልነበረም፤ በዚያው በተጠማው መሬት ሆድ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ነው። የቆፋሪው ድርሻ ቦታውን ማወቅ፣ በትዕግሥት መቆፈርና ውኃው እንዳይደፈርስ መጠንቀቅ ነበር።

ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው የምክር አገልግሎት መሠረቱ ይኸው ነው። በዓለም ዘንድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ደግሞ የኖላዊነት ተግባር አንድ ክፍል ነው። በሁለቱም ዘንድ መካሪው የሚፈልገው ውኃ በተመካሪው ልብ ውስጥ አለ።

የአማርኛችን «ምክር» የሚለው ቃል ግን እዚህ ላይ ሊያሳስተን ይችላል። በልማዳችን ምክር ማለት ታላቅ የሚናገረው፣ ታናሽ አንገቱን ደፍቶ የሚሰማው ቃል ነው። አባት ልጁን ይመክራል፤ ሽማግሌ ባልና ሚስትን ይመክራል፤ አልሰማም ያለውንም «ምክር እንቢ ያለን መከራ ይመክረዋል» ብለን እናስፈራራዋለን። በግእዝ ምክርና መከራ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቃላት ናቸው። በዚህ ምክንያት ይሆን አይሆን እንጃ፣ መከራ የደረሰበትን ሰው ባየን ቁጥር አንዳች የምክር ቃል ካልጣልንለት ግዴታችንን የተወጣን አይመስለንም። ሰውየው አፉን ሳይከፍት መድኃኒቱን እናዝለታለን። መጽሐፈ ምሳሌ በ18፥13 ሳይሰማ የሚመልስን ሰው ስንፍናውንና ውርደቱን የገለጠው ስለዚህ ነው።

ሌላ የግእዝ ቃል ደግሞ አለን፤ «ናዘዘ» የሚለው። ዛሬ ኑዛዜ ስንል ኃጢአትን ለካህን መናገር፣ ወይም ሟች ስለ ንብረቱ የሚተወው ቃል ማለታችን ነው። በግእዙ ግን ናዘዘ ማለት አጽናና፣ አረጋጋ ማለት ነው። አባቶቻችን የልብን አውጥቶ መናገርንና መጽናናትን በአንድ ቃል መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ጌታችን ሊልክልን ተስፋ የሰጠን ጰራቅሊጦስም (ዮሐ. 14፥16) ስሙ በጽርእ ቋንቋ ከጎን ይቆም ዘንድ የተጠራ ማለት ነው። ከጎን የሚቆም እንጂ ከፊት ቆሞ የሚገሥጽ አይደለም።

ይህ ሥራ በዓለም ዘንድ ሙያ ከሆነ መቶ ዓመት ብዙም አላለፈውም። ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1908 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ወጣቶች ለችሎታቸውና ለዝንባሌያቸው የሚስማማ ሥራ እንዲመርጡ የሚያግዝ ቢሮ አቋቋመ። የትምህርት ቤት አማካሪነት ዘሩ ከዚያ ነው። ካርል ሮጀርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፉ ሙያውን ወደ ሌላ አቅጣጫ መለሰው፤ ችግሩን ከባለችግሩ በላይ የሚያውቀው የለምና መካሪው መመሪያ ከመስጠት ይልቅ ያዳምጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1957 በጻፈው ጽሑፍም መካሪው ነገሩን በተመካሪው ዓይን ለማየት መጣር፣ ሰውየውን ያለ ቅድመ ሁኔታ ማክበር፣ ራሱም ከማስመሰል መራቅ እንደሚገባው አስተማረ። ሮጀርስ በወጣትነቱ የነገረ መለኮት ትምህርት ጀምሮ የተወ ሰው ነበር። የጻፈውን ሁሉ አንቀበልም፤ የሰው ልብ ራሱንም ሊያታልል እንደሚችል ከነቢዩ ኤርምያስ ተምረናልና። ስለ ማዳመጥ የተናገረው ግን እኛ አስቀድመን ይዘነው ቸል ያልነው ነገር ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ስላላት ቦታ ባወጣው ሰነድ ቁጥር 62 ላይ፣ በኖላዊነት ሥራ ከነገረ መለኮት ትምህርት ጋር የሥነ ልቦናና የኅብረተሰብ ጥናት ግኝቶችን እንድንጠቀም አዝዞናል።

በሀገራችን ለብዙ ዘመን አእምሮው የታመመ ሰው የሚላክበት ሆስፒታል አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። የአእምሮ ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። አብዛኛው ሕዝብ «የምክር አገልግሎት» የሚለውን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በጤና ጣቢያ በር ላይ ያነበበው በኤች አይ ቪ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ደሙን የሚመረመር ሰው ከምርመራው በፊትም በኋላም ከአንድ የሠለጠነ ሰው ጋር በር ተዘግቶ ይነጋገር ነበር። ብዙ ሰው ምሥጢሩን ከዘመድ በፊት ለማያውቀው ሰው የነገረው፣ ነግሮም ያልተዋረደው በዚያች ክፍል ነው። ከዚህ የምንማረው አለ።

አሁን ወደ ግራና እንመለስ። ግራና በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከወልድያና ከመርሳ ጋር አንድ ዕጣ ተካፍላለች። የወሎ ሕዝብ የ1966ን እና የ1977ን ረሀብ አይቷል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ልጆቹ ወደ ዓረብ ሀገር መሄድ ጀመሩ፤ ሀብሩና አጎራባቾቿ ብዙ ወጣት በጂቡቲና በየመን በኩል በረሃና ባሕር አቋርጦ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ከሚሄድባቸው ስፍራዎች ናቸው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ ወደነዚህ መንደሮች ባዶ እጃቸውን የገቡ ብዙ ናቸው። ቀጥሎም ጦርነቱ መጣ። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ እሳት ውስጥ ኖሩ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ።

ይህ ሁሉ በየቤቱ ልዩ ልዩ ቁስል ትቷል። እኔ ዛሬ ስለ አንዱ ብቻ ልናገር እወዳለሁ፤ መርዶ ስላልደረሰው ሐዘን።

በባህላችን መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድና ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ ደጅ ይቆማል፤ ቃሉ ይነገራል፤ ጩኸት ይወጣል፤ ያን ጊዜ ቅሬው ይጠራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛው መሬት ላይ ይቀመጣል። ወሎ ቅሬ የሚለው ይህ የመረዳጃ ማኅበር ክርስቲያኑንና እስላሙን በአንድ የሚያስተሳስር ትልቅ ሀብታችን ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ ሁሉ የሚጀምረው ከመርዶው ነው። ልጁ በባሕር ይሁን በበረሃ፣ በምሽግ ይሁን በእስር የት እንደ ደረሰ የማይታወቅበት ቤት ማን ይጠራል? ድንኳን ቢተከል በቁሙ መግደል ይሆናል። ዝም ቢባል ደግሞ ዓመት ዓመትን እየወለደ ይሄዳል። ሰዎቻችን ይህን ጭንቀት «ቁርጤን ባውቅ» በሚሉት ሁለት ቃላት ይገልጡታል። ፖሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በቬትናም ጦርነት ደብዛቸው ስለ ጠፋ ወታደሮች ቤተሰቦች ሲያጠኑ ያገኙት ይህንኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍም ቁርጡ ያልታወቀ እጦት ከሐዘኖች ሁሉ አስጨናቂው መሆኑን ጽፈዋል። የግራና እናት መጽሐፉን ሳታነብ ታውቀዋለች።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለች አንዲት እናት እናስብ። ስም አንሰጣትም፤ በየቁምስናችን አለችና። ልጇ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። አንድ እሑድ ከትምህርት በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን ወደ ወጣቱ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ቀርባ፣ ራሷን እንደሚፈልጣት፣ እንቅልፍ ካጣች እንደ ሰነበተች፣ ሆዷም ባር ባር እንደሚላት ትነግረዋለች። በሀገራችን የልብ ሕመም አስቀድሞ በሰውነት ሕመም ስም ነው የሚነገረው፤ ራስ ምታት ብላ የመጣችውን እናት የራስ ምታት ኪኒን ግዢ ብሎ የሚመልሳት መምህር ገና በሩ ላይ ቀረ።

ሦስት መልሶች በሁላችንም አፍ ላይ ተዘጋጅተው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው «ይቻሉት እንጂ፣ ምን ይደረጋል» የሚለው ነው። ሴትዮዋ ግን ስትችለው ነው የኖረችው፤ የመጣችውም መቻሉ ስላቃታት ነው። ሁለተኛው «ከእርስዎ የባሰ አለ» የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በሌላ ሰው እግር ላይ ያለ ቁስል የእኔን እግር ሽሮልኝ አያውቅም። ሦስተኛው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ይጸልዩ» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከት ነውና። ጸሎት ታላቅ ነገር ነው፤ የሚሰማን ሰው ማሰናበቻ ሲሆን ግን ጸሎትነቱ ይቀራል። ደግሞስ ልጇ በወንድሞቹ እጅ ወይም በሰው ነጋዴ ስግብግብነት መጥፋቱን የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ ለመናገር ማን ሥልጣን ሰጠን? የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር መሬት ላይ በተቀመጡ ጊዜ (ኢዮ. 2፥13) ደግ አደረጉ። ስለ እግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው መናገር ሲጀምሩ ግን ተሳሳቱ፤ እግዚአብሔርም በመጨረሻ የተቈጣው በእነርሱ ላይ እንጂ ባጉረመረመው በኢዮብ ላይ አይደለም (42፥7)።

ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ? ከሰው ጆሮ ራቅ ብሎ፣ ከሰው ዓይን ግን ሳይሸሸግ፣ ለእርሷ መቀመጫ ይስጣት፤ እርሱም ከእርሷ ከፍ ብሎ አይቀመጥ። ስልኩን ይዝጋ። ከዚያ ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

«እትዬ፣ እንቅልፍ ካጡ ሰነበተ አሉኝ። ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እሱ ከሄደ ወዲህ ነዋ፣ ልጄ።»

እዚህ ላይ መምህሩ ዝም ይላል። ዝምታው ይከብደዋል፤ ይታገሠው።

«ሌሊት በሩ የተንኳኳ ይመስለኛል። ተነሥቼ እከፍታለሁ።»

የሚቸኩል ሰው «ቅዠት ነው፣ አይክፈቱ» ይላት ነበር። የሚሰማ ሰው ግን የሰማውን መልሶ ይነግራታል፤

«በየሌሊቱ ተነሥተው በሩን ይከፍታሉ።»

«እከፍታለሁ። አንዳንድ ቀን የመጣው እሱ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሊያረዱኝ የመጡ ሰዎች ይመስሉኛል። ለየትኞቹ እንደምከፍት እኔም አላውቀው።»

ይህን ቃል ማንም መካሪ አስተምሯት ልትናገረው አትችልም። ተስፋዋና ፍርሃቷ በአንድ በር ላይ ቆመው እንደሚጠብቋት ለራሷም ግልጥ የሆነላት ምናልባት አሁን፣ ስትናገረው ነው። ልጇ አልተመለሰም፤ ቁርጡም አልታወቀም። ነገር ግን እስከ ዛሬ ብቻዋን ትከፍተው በነበረው በር አጠገብ ሌላ ሰው ቆመ። ጥልቁ ውኃ የሚቀዳው እንዲህ ነው።

ቀጥላም «ልጄ፣ ይኖር ይሆን?» ብላ ትጠይቀው ይሆናል። እዚህ ላይ የብዙ መልካም ሰዎች እግር ይሰናከላል። ለማጽናናት ብለን «ይመጣል፣ አይዞዎት» እንላለን፤ ወይም እናሳርፋት ብለን «ቁርጥዎን ቢያውቁ ይሻላል» እንላለን። ሁለቱም የማናውቀውን ማወጅ ነው። አባታችን ያዕቆብ በዮሴፍ ባለቀሰ ጊዜ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹ ሁሉ ሊያጽናኑት ተነሡ፤ እርሱ ግን መጽናናትን እንቢ አለ (ዘፍ. 37፥35)። ከአጽናኞቹ መካከል ዮሴፍን የሸጡት ነበሩበት፤ በደም የተነከረውን ልብስ ልከው የሐሰት መርዶ ያሰሙትም እነርሱ ናቸው። ዮሴፍ በሕይወት መገኘቱን አይተን ደግሞ ለእያንዳንዱ እናት ይህንኑ ተስፋ አንስጥ፤ ቅዱስ መጽሐፍ ልጆቿ ስለሌሉ አልጽናናም ያለችውን ራሔልንም ይዟልና (ኤር. 31፥15)። እውነተኛው መልስ «አላውቅም እትዬ፤ ባውቅማ ደስ ባለኝ» ነው። ከዚህ በኋላ ግን የሚሠራ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር የጠፉ ዘመዶችን የማፈላለግ አገልግሎት ይሰጣል፤ መምህሩ ጥያቄዋን በማስመዝገብ ሊረዳት ይችላል። ቆሞሱንም ስለ ልጇ ቅዳሴ እንዲያሳርግ መጠየቅ ይቻላል፤ ብንኖርም ብንሞትም የጌታ መሆናችንን ሐዋርያው ስላስተማረን (ሮሜ 14፥8) ቤተ ክርስቲያን ስለ እርሱ ለመጸለይ መርዶ አትጠብቅም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ከአጋሮቹ ጋር ባወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ይህን ሁሉ በሦስት ግሦች ጠቅልሎታል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሐኪም ያልሆነ ሰው ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ናቸው። ኤልያስ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ የመጣለት ትኩስ እንጎቻና ውኃ ይዞ ነበር (1 ነገ. 19)፤ ሁለት ጊዜ አብልቶ አስተኛው። እግዚአብሔር ጥያቄውን ያቀረበለት ከዚያ በኋላ ነው። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜም የመጣው ጥያቄ ነው። ጌታችንም በኤማሁስ መንገድ የሆነውን ሁሉ ሲያውቅ ምን እየተነጋገሩ እንደሆነ ሁለቱን ደቀ መዛሙርት ጠየቃቸው፤ ተስፋ አድርገው የነበረውንና የተቆረጠባቸውን እስኪጨርሱ ሰማ (ሉቃ. 24)። መጻሕፍትን የተረጐመላቸው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ከትርጓሜው እንጀምራለን።

እንግዲህ አንዳንዱ አንባቢ «እኛ ሽማግሌ አለን፣ አበጋር አለን፣ የንስሐ አባት አለን፤ ይህ አዲስ ነገር ለምን አስፈለገ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወሎ በአበጋሮቿ የደም ፀብ አድርቃለች፤ ክርስቲያኑና እስላሙ በወዳጃ በአንድነት ለምኗል። ይህን ሀብት የሚያቃልል መካሪ ገና አልተማረም። ነገር ግን የሽምግልና ዓላማ በሁለት ወገኖች መካከል ሰላም ማውረድ ነው፤ ስለዚህም ነገሩ በአደባባይ ይታያል፣ ሁለቱም ጥቂት ጥቂት ይተዋሉ። ባሏ የሚደበድባት ሴት ሦስት ጊዜ በሽማግሌ ታርቃ ሦስት ጊዜ ስትመለስ፣ ሰላም የወረደው ለጎረቤት ነው። ለእርሷ ብቻ የሚሆን፣ «ምን ትፈሪያለሽ? ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ጆሮ ደግሞ ያስፈልጋታል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 37 ለማን ምን እንደማይማከሩ ይዘረዝርና፣ የገዛ ልብን ምክር ከፍ ባለ ስፍራ ያስቀምጠዋል። መካሪ የዚያ ልብ አገልጋይ ነው።

ከንስሐ ጋር ያለውን ልዩነት ደግሞ መምህራን በሚገባ መረዳት አለባችሁ። በምሥጢረ ንስሐ ኃጢአት በካህን በኩል ይሠረያል፤ ምሥጢሩንም ማውጣት ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ በቁጥር 733 ይደነግጋል። በምክር አገልግሎት የሚቀርበው ግን ብዙ ጊዜ ኃጢአት አይደለም፤ የደረሰብን በደል ነው። በጦርነቱ ጊዜ የተደፈረች ልጅ ንስሐ የምትገባበት ነገር የለም። ይህን በግልጥ ልንነግራት ይገባል፤ «ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ» ብሎ መላክ ሳናስበው ጥፋተኛ ያደርጋታልና።

ካህን ያልሆነ መካሪ በምሥጢረ ንስሐ ማኅተም ባይታሰርም በአደራ ይታሰራል። እንደ ግራና ባለች ትንሽ ከተማ አንድ ቃል ከአንድ የቡና ስኒ እስከ ሁለተኛው ሳይደርስ ገበያ ይወርዳል። ከሐሜት ሁሉ የረቀቀው ደግሞ የእኛው ነው፤ በማኅበር ጸሎት መካከል «ስሟን ባልጠቅሳትም፣ ልጇ ስለ ጠፋባት አንዲት እኅታችን እንጸልይ» የሚለው። ስሟን ሁሉም ያውቃል። ስለ እርሷ ለመጸለይ የፈለገ በልቡ ይጸልይ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን ሰው እንዲናገር እናበረታታለን፤ የተናገረው በአደባባይ ከተገኘ ግን ዳግመኛ ለማንም አይናገርም።

አደራው የሚላላበት አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው። «መኖር ሰለቸኝ»፣ «ባልተፈጠርሁ» የሚል ሰው ስንሰማ ብዙዎቻችን ነገሩን እናስቀይራለን፤ ብንጠይቀው ሐሳቡን የምናስገባበት ይመስለናል። እንዲህ አይደለም፤ ራስህን ለመግደል አስበሃል ወይ ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ሰውየውን ወደ ሞት እንደማይገፋው የሙያው ሰዎች አረጋግጠዋል። አዎን ካለ ብቻውን አንተወውም፤ ለሚያምነው ዘመድ እንነግራለን፤ ወደ ሆስፒታል አብረነው እንሄዳለን። ራሱን ባጠፋ ሰው ቤተሰብ ላይም አንፍረድ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2282 እና 2283 ከባድ የአእምሮ መታወክ፣ ጭንቀትና ፍርሃት የሰውየውን ተጠያቂነት እንደሚቀንሱ፣ ስለ መዳኑም ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባ ያስተምራል። የተደፈረች ሴት ስትመጣም ቀን መቁጠር ያስፈልጋል፤ ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነውና። «እስቲ እናስብበት» ማለት እዚህ ላይ ጉዳት ነው።

ድምፅ የሚሰማ፣ የማይታይ የሚታየው፣ ለሳምንታት የማይተኛና የማይበላ ሰው ከመካሪ አልፎ ሐኪም ያስፈልገዋል። ወልድያም ደሴም ሆስፒታል አለ። ጸበልን የሚወድ ዘመድ ካለ ጸበሉን አንከልክል፤ መድኃኒቱን ግን አብሮ እንዲወስድ እንለምነው፤ ሰንሰለቱንም እንዲፈታ። ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን በሲራክ ምዕራፍ 38 የሚያነብ ሰው በሁለቱ መካከል ጠብ አያይም።

ስለ ጎረቤቶቻችን አንድ ነገር ላክል። በወሎ እኛ ካቶሊካውያን ጥቂቶች ነን፤ ባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት የተመሠረተውም በ2007 ዓ.ም. ነው። ሊያማክረን የሚመጣው ብዙ ጊዜ እስላም ወይም ኦርቶዶክሳዊ ወገናችን ይሆናል። የሰውን ሐዘን መረብ አድርጎ ነፍስ ማጥመድ ነውር ነው። ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ያላቸው፣ በ1832 ዓ.ም. ገደማ በአድዋ ለሕዝቡ መናገር ሲጀምሩ ራሳቸውን እንደ እንግዳና እንደ ወዳጅ አቀረቡ፤ ቃል የልብ በር መክፈቻ መሆኑን ገልጠው ልባቸውን ከፈቱላቸው። ቋንቋውን ተማሩ፤ ምግቡንም ልማዱንም የራሳቸው አደረጉ። ለመጣው እስላም ሐዘንተኛ ሼኹን እንዲያይ ብንነግረው፣ ወይም በቅሬው ውስጥ የሚያምነውን ሰው ብናገናኘው አገልግሎታችን ሙሉ ነው።

በመጨረሻ የምናገረው ስለ መካሪው ስለ ራሱ ነው። ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው ይደክማል፤ የሰማው ነገር ሌሊት በእርሱም በር ላይ ያንኳኳል። ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን የሕዝቡን ነገር ሲሰማ አማቱ ዮቶር አይቶ፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ አለው፤ ሸክሙን ከሌሎች ጋር እንዲካፈል መከረው (ዘጸ. 18)። ዮቶርም ምክሩን የሰጠው መጀመሪያ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ ከተመለከተና ሙሴ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠይቆ ከሰማ በኋላ ነው። ስለዚህ በየቁምስናው ይህን አገልግሎት የሚወስዱ ሁለት ሁለት ሆነው ይመረጡ፤ ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ ለወንድ የማይነገር ብዙ አለና። በወር አንድ ጊዜ ከቆሞሱ ወይም ሥልጠና ካላቸው ደናግል ጋር ተቀምጠው የማንንም ስም ሳይጠሩ የከበዳቸውን ይናገሩ። ሙሴ የተባለውን ሁሉ አደረገ፤ ከዚያም አማቱን አሰናበተው፤ ዮቶርም ወደ ሀገሩ ተመለሰ።